«እሺ» ያለውና «አይሆንም» ያለው

ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ አሁኑኑ አንብቡት፤ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። እዚህ አሜሪካ ከመጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሥራው የከባድ መኪና ሾፌርነት ነው። ያን ቀን ግን በራሱ የቤት መኪና፣ እህቱ ጋ ሰንብቶ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። ፖሊስ አስቆመው። መስመር ሲቀይር ፍሬቻ አላሳየም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ፖሊሱ ትሑት ሰው ነበር አለኝ። መንጃ ፈቃዱን ወስዶ አጣራ፣ በማስጠንቀቂያ አለፈው፣ ወረቀቱን መለሰለት። ልጁ «ተመስገን» ብሎ ሊንቀሳቀስ ሲል ፖሊሱ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ መኪናው ውስጥ ሕገ ወጥ ነገር እንዳለ ጠየቀው። የለም። አንዴ ባየው ቅር ይልሃል?

«እሺ፣ እይ» አለ።

ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። መንገድ ዳር፣ በብርድ ቆሞ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው። እህቱ የቋጠረችለት በርበሬ ተፈታ። ሽሮው ተፈታ። ሚጥሚጣው ሲከፈት ፖሊሱ ሲያስነጥስ ቆየ (እዚህ ላይ ሁለታችንም ስቀናል)። ድርቆሹ ምን እንደሆነ ለማስረዳት እንግሊዝኛ አጠረኝ አለ። ምንም አልተገኘም። «ደህና እደር» ተባለና ሄደ።

የደወለልኝ ለመክሰስ ፈልጎ አይደለም። አንድ ጥያቄ ነበረው። «መምህር፣ አይሆንም ብል ኖሮ ምን ይመጣብኝ ነበር?»

በስልክ አጭር መልስ ሰጠሁት። ረጅሙን እዚህ ልጻፈው፤ ምክንያቱም ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም። መልሱ ደግሞ ያለው ዕፅ ይዘው ተገኝተው ይግባኝ ባሉ ሰዎች መዝገብ ውስጥ ነው።

ኦገስት 1992። ኦሃዮ ውስጥ፣ ከዴይተን ከተማ በስተሰሜን፣ ኢንተርስቴት 70 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ሮቢኔት የተባለ ሰው ተያዘ። መንገዱ ግንባታ ላይ ስለነበር የተፈቀደው ፍጥነት 45 ማይል ነው፤ እሱ በ69 ይበር ነበር። የካውንቲው ሸሪፍ ፖሊስ መንጃ ፈቃዱን አጣራ፤ ንጹሕ ነው። ከመኪናው አስወረደው፣ የቪዲዮ ካሜራውን አበራ፣ በቃል አስጠነቀቀው፣ መንጃ ፈቃዱን መለሰለት። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ፖሊሱ ግን ከመሄድህ በፊት አንድ ጥያቄ አለችኝ ዓይነት ነገር አለ፤ መሣሪያ፣ ዕፅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዘሃል? «የለኝም።» ልፈትሽ? «እሺ።»

የዛሬው ልጅና ያ ሰው፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከሮቢኔት መኪና ጥቂት ማሪዋናና አንዲት ክኒን መገኘቷ ነው። ክኒኗ ኤክስታሲ የሚሏት ናት። የተከለከለ ዕፅ ይዞ በመገኘት ተከሰሰ።

ጠበቃው ማስረጃው ከመዝገብ ይውጣልኝ ብሎ አመለከተ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ሰውየው «ክሱን አልከራከርም» አለና ጥፋተኛ ተባለ፤ ከዚያ ይግባኝ። ለቀድሞ ተማሪዎቼ ይቺን ልብ በሉልኝ፦ እዚህ አገር የእንዲህ ዓይነት ይግባኝ ነፍሱ ያለችው መጀመሪያ ባቀረብከው በዚያ ማመልከቻ ላይ ነው። ጠበቃህ ከዋናው ክርክር በፊት ፍተሻውን ካልተቃወመ፣ ይግባኝ ሰሚው ፊት የምታቀርበው ነገር የለህም ማለት ይቀላል። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ ምስክር አይሰማም፤ ያው የታችኛው ፍርድ ቤት የመዘገበውን ነው የሚያነበው። እኛ አገር ይግባኝ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም እንደገና የሚፈትሽ ስለሆነ፣ ይሄ ሲነገራቸው ብዙ ሰዎች ይደናገጣሉ።

የሮቢኔት ይግባኝ ተሳካ። የኦሃዮ ይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረለት። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1995 አጸናለት፤ ከዚያም አልፎ ለፖሊሶች ሁሉ ደንብ አወጣ፦ የትራፊክ ጉዳዩን ከጨረሳችሁ በኋላ ሌላ ነገር ከመጠየቃችሁ በፊት «አሁን በሕግ ነጻ ነህ፣ መሄድ ትችላለህ» በሉት። በቃ ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር። ዐቃቤ ሕግ ይቺንም አልወደዳትም፤ ወደ ዋሽንግተን ይዞት ሄደ። በ1996 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ኦሃዮን ሻረ። ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ደንብ አያስገድድም፤ ፈቃዱ በነጻነት የተሰጠ መሆን አለመሆኑ ከነገሩ ሁኔታ ሁሉ ይታያል አለ። ከዚያ በፊትም በ1973 ዓ.ም፣ ከካሊፎርኒያ በመጣ የመኪና ፍተሻ ጉዳይ፣ ፖሊስ «እምቢ ማለት ትችላለህ» ብሎ የመንገር ግዴታ የለበትም ብሎ ነበር።

አሁን ወደ አንዲት ቁጥር ልውሰዳችሁ። ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በሮቢኔት ጉዳይ ከብዙኃኑ ጋር ተስማምታ ለብቻዋ አጭር ሐተታ ጻፈች። እዚያ ውስጥ ከሌላ የኦሃዮ መዝገብ የተወሰደ ነገር አለ። ሮቢኔትን ያስቆመው ያው ፖሊስ፣ በዚያው በ1992፣ በአንድ ዓመት ብቻ፣ ባስቆማቸው 786 ሾፌሮች ላይ የልፈትሽ ጥያቄ አቅርቧል።

786። ለአንድ ፖሊስ፣ በአንድ ዓመት። በቀን ከሁለት በላይ።

ክፍል ውስጥ ሁሌም የሚነሳ ክርክር ነበር፤ ከዚህ ገጽ አንባቢዎችም ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። «መምህር፣ ዕፁ እኮ ተገኝቷል! ከዚህ በኋላ ምን ክርክር አለ? ሌባን በሥነ ሥርዓት ማምለጥ ፍትሕ ነው?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እኔም አሜሪካ እስክመጣ ድረስ ከጥያቄው ጎን የምቆምባቸው ቀናት ነበሩ። አሁን የምመልሰው በዚያ ቁጥር ነው። ከ786ቱ መሃል በፍርድ ቤት መዝገብ ስሙን የምናውቀው፣ አንድ ነገር የተገኘበት ነው። ዕቃው መንገድ ዳር ተበትኖ፣ ልጆቹ እያዩት ቆሞ፣ ምንም ሳይገኝበት «ደህና ዋል» የተባለው ሰው ይግባኝ አይልም። ምን ብሎ? የሚሻርለት ፍርድ የለውም። የኔ ተማሪ ሃምሳ ደቂቃ በየትኛውም መዝገብ አይገባም። ስለዚህ ስለ ንጹሑ ሰው መኪና ሕጉ ምን እንደሚል የሚወሰነው፣ ወደድንም ጠላንም፣ ዕፅ በተገኘበት ሰው ይግባኝ ነው።

አሁን «አይሆንም» ወዳለው ሰው እንሂድ።

ማርች 27፣ 2012፣ ነብራስካ። ከእኩለ ሌሊት ስድስት ደቂቃ ያለፈ ነው፤ በሀገራችን ሰዓት ስድስት ከስድስት ደቂቃ። ሮድሪጌዝ የሚባል ሰው ከጎኑ አንድ ተሳፋሪ ይዞ ሲነዳ መኪናው ለአንድ ሁለት ሰከንድ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጣችና ተመለሰች። ለምን ተባለ፤ ጉድጓድ ልሸሽ ብዬ ነው አለ። አስቆሚው ፖሊስ ከውሻው ጋር የሚዞር ነው፤ የውሻው ስም ፍሎይድ። መንጃ ፈቃድ ተጣራ፣ የተሳፋሪውም ተጣራ፣ ከየት መጣችሁ ወዴት ናችሁ ተባለ። ኦማሃ የሚሸጥ ፎርድ ሙስታንግ አይተን ወደ ኖርፎክ እየተመለስን ነው አሉ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ወይም ሃያ ስምንት ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ተሰጠ፣ ወረቀቶቹ ተመለሱ። ፖሊሱ ራሱ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ያስቆምኩበት ጉዳይ በዚህ አልቆ ነበር ብሏል። ከዚያ ጠየቀ፦ ውሻዬን መኪናህን ላዙርበት?

«አይሆንም» አለ ሮድሪጌዝ።

ሞተርህን አጥፋ፣ ውረድ፣ ቁም ተባለ። ሁለተኛ ፖሊስ እስኪመጣ ተጠበቀ። ፍሎይድ መኪናውን ዞረ፤ በሁለተኛው ዙር ምልክት ሰጠ። ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ነበር የሆነው። ትልቅ ከረጢት ሜታምፌታሚን ተገኘ።

ሜታምፌታሚን ቀልድ አይደለም፤ ቤት የሚያፈርስ ነገር ነው። ለሮድሪጌዝ እንባ አላፈስም። ጥያቄው ግን እነዚያ ሰባት ስምንት ደቂቃዎች የማን ናቸው የሚል ነው። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች መልስ «ትንሽ ናቸው» የሚል ነበር። ጥቂት ደቂቃ እዚህ ግባ የሚባል ጣልቃ ገብነት አይደለም፣ ይለፍ። ሰውየው የይግባኝ መብቱን አስጠብቆ ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ የስምንተኛው ቀጠና ይግባኝ ፍርድ ቤትም አጸናበት።

በኤፕሪል 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ሻረው። ውሳኔውን የጻፈችው ያቺው ጊንስበርግ ናት፣ የ786ቷ። ነገሩን ሳሳጥረው፦ በትራፊክ ጥፋት የቆመ ሰው ሊያዝ የሚችለው ለዚያ ጥፋት ሥራ ለሚያስፈልገው ጊዜ ያህል ነው። መንጃ ፈቃድ ማየት፣ መድን ማጣራት፣ ወረቀት መጻፍ። ያ ሲያልቅ ሥልጣኑም ያልቃል። ሌላ በቂ ጥርጣሬ ከሌለ በቀር ለውሻ ተብሎ አንድ ደቂቃም አይጨመርም። ከሦስቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ዳኛ አሊቶ ነበር፤ ይሄ ምን ዋጋ አለው፣ ነገ ፖሊሶች ወረቀቱን ከመስጠታቸው በፊት ውሻውን ማዞር ይማራሉ ዓይነት ትችት ጻፈ። የጊንስበርግ መልስ ውሻው ከወረቀቱ በፊት ዞረ በኋላ አይደለም ቁም ነገሩ፣ ማስቆሙን አራዘመው ወይ ነው የሚል ነው። አሊቶ ፌዝ ቢመስልም ስለ ፖሊስ ተፈጥሮ እውነቱን ተናግሯል ብዬ አምናለሁ። ውሻው ቀድሞውኑ መኪና ውስጥ ካለና ሁለተኛው ፖሊስ ወረቀቱ እየተጻፈ ካዞረው፣ በ2005ቱ የኢሊኖይ ውሳኔ መሠረት፣ ይፈቀዳል። ስለዚህ ሮድሪጌዝ ያስገኘልን መብት የደቂቃ መብት ነው። ትንሽ ነች። ግን የኔ ተማሪ ሃምሳ ደቂቃ ቆሟል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ሁሌም ዝም ይላሉ። መዝገቡ ወደ ስምንተኛው ቀጠና ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ አለ፦ ፖሊሱ በወቅቱ የኛን የቀድሞ ውሳኔዎች በቅን ልቦና ተከትሎ ነው የሠራው፤ ያኔ ጥቂት ደቂቃ ይፈቀድ ነበር፤ ስለዚህ ማስረጃው አይወጣም። ጥፋተኝነቱ ጸና። በስሙ የሚጠራው ውሳኔ ዛሬ በየፍርድ ቤቱ ሰው ያስፈታል፤ እሱን ግን አላስፈታውም።

ሮቢኔትስ? እሱ ዋሽንግተን ተሸንፎ ነበር የተመለሰው። ኦሃዮ ግን በ1997 ነገሩን እንደገና አየችው። እሺ፣ «ነጻ ነህ በሉ» የሚለው ደንብ ይቅር፤ ሁኔታውን በሙሉ እንመዝን ካላችሁም፣ ከማስጠንቀቂያ ወደ ፍተሻ የተደረገው ሽግግር መለያ ስፌት ስላልነበረው የትኛውም ሾፌር መሄድ እችላለሁ ብሎ አያስብም አለች። ሰውየውም ደንግጦ ሳያስበው አዎ ማለቱን መስክሮ ነበር። ስለዚህ ፈቃዱ በነጻነት የተሰጠ አይደለም፣ ማስረጃው ይውጣ ተባለ።

«እሺ» ያለው ተለቀቀ፤ «አይሆንም» ያለው ታሰረ። ታዲያ መልሱ «እሺ በሉ» ነው? አይደለም! ሮቢኔት አምስት ዓመት ተንገላቶ ያገኘው ነገር ዕድል ነው፤ አንድ ግዛት፣ አንድ መዝገብ፣ የተቀረጸ ቪዲዮ ያለው። ብዙ ጊዜ «እሺ» ያለ ሰው ይግባኝ ላይ የሚገጥመው መልስ አጭር ነው፦ ፈቅደሃል። የሮድሪጌዝ ክርክር ቢያንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የቆመው «አይሆንም» በሚለው ቃሉ ላይ ነው። ፈቃድ ቢሰጥ ኖሮ ስለ ሰባት ደቂቃ የሚያወራ አይኖርም ነበር።

እና ተማሪዬ ለጠየቀኝ፦ አይሆንም ማለት በራሱ ጥርጣሬ አይፈጥርብህም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 በአንድ የፍሎሪዳ አውቶቡስ ፍተሻ ጉዳይ ላይ አልተባበርም ማለት ብቻውን ለመያዝ ምክንያት እንደማይሆን ተናግሯል። ግን ደግሞ ያለ ፈቃድህም የሚፈትሹበት ሁኔታ አለ፤ በአስማት የሚያድን ቃል የለም። ከ1925 ጀምሮ መኪና ከቤት የተለየ ነው። ያኔ አልኮል በተከለከለበት ዘመን ሚሺጋን ውስጥ ከአንድ መኪና መቀመጫ ስፖንጅ ውስጥ 68 ጠርሙስ ውስኪና ጂን ወጣ፤ ፍርድ ቤቱም መኪና ተሽከርካሪ ነው፣ ማዘዣ እስኪወጣ አይጠብቅም፣ አሳማኝ ምክንያት ካለ ይፈተሽ አለ። መቶ ዓመት ሆነው፣ አሁንም ሕግ ነው። ፖሊሱ በልቡ ሌላ ነገር ፈልጎ በፍሬቻ ሰበብ ቢያስቆምህም ፍሬቻው እውነት ከሆነ ማስቆሙ ሕጋዊ ነው፤ ይሄ በ1996 ከዚሁ ከዋሽንግተን ዲሲ በሄደ ጉዳይ ነው በሙሉ ድምፅ የተወሰነው። ውረድ ካለህ ትወርዳለህ። እጅህን እንዲታይ አድርገህ፣ ድምፅህን ሳታነሳ፣ «አይ ዱ ኖት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች» ትላለህ። «አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?» ብለህ ትጠይቃለህ። ከፈተሹ አትከላከል፣ አትጎትት፣ አትከራከር። የመንገድ ዳር ክርክር የሚያሸንፍበት ቦታ አይደለም፤ ማሸነፊያው ቦታ ሌላ ነው፣ እዚያ የሚያደርስህ ደግሞ ያቺ ቃል ናት። (ጠበቃችሁ አይደለሁም፤ ጉዳይ ያላችሁ ጠበቃ ያዙ።)

የዲሲና የሜሪላንድ ሰዎች ይቺን ደግሞ ስሙልኝ፣ ጓደኛ ማሳፈር ስለምንወድ። በ1999 ባልቲሞር ካውንቲ ውስጥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ሦስት ሰዎች ያሉበት መኪና በፍጥነት ምክንያት ቆመ። ባለመኪናው ፈትሹ ብሎ ፈቀደ። ከጓንቲ ማስቀመጫው 763 ዶላር፣ ከኋላ መቀመጫው የክንድ መደገፊያ ጀርባ አምስት ከረጢት ኮኬይን ወጣ። የማን ነው ሲባል ሦስቱም ዝም አሉ። ሦስቱም ታሰሩ። በኋላ ከፊት ተቀምጦ የነበረው ተሳፋሪ የኔ ነው አለ፣ ሁለቱ ተለቀቁ። እሱ አያያዜ ሕጋዊ አልነበረም ብሎ ይግባኝ ቢልም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 በሙሉ ድምፅ ሦስቱንም ለመያዝ አሳማኝ ምክንያት ነበረ አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ከኋላህ የተቀመጠው ሰው ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ? «እሺ፣ እይ» ስትል ለሱም ጭምር ነው የምትፈቅደው።

ዜግነት ለሌለን ደግሞ ነገሩ ከእስር ይብሳል። ለግል መጠቀሚያ ከ30 ግራም የማይበልጥ ማሪዋና፣ እሱም አንዴ ብቻ ከሆነ በቀር፣ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የተያያዘ ጥፋተኝነት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለመባረር ይዳርገዋል። በ2010 የተወሰነው የፓዲላ ጉዳይ የከባድ መኪና ሾፌር ጉዳይ ነው፤ ትውልዱ ሆንዱራስ፣ ከ40 ዓመት በላይ ሕጋዊ ነዋሪ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የዘመተ። ማሪዋና ጭኖ ኬንተኪ ላይ ተያዘ፤ ጠበቃው ይሄን ያህል ዘመን ኖረህ አትባረርም ብሎት ጥፋተኛ ነኝ አለ። ተሳስተው ነበር። ፍርድ ቤቱ ያን ጊዜ ነው ጠበቃ ስለ መባረር በትክክል የመምከር ግዴታ አለበት ያለው። ስለ ጫትም ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ነው የተቀመጠው። «ባህላችን ነው» መንገድ ዳር አያድንም።

ለምን ግን «እሺ» እንላለን? እኔ እንደማስበው ኬላ ላይ ነው የተማርነው። አውቶቡሱ ይቆማል፣ «ወርዳችሁ ተፈተሹ»፣ ወንድ በዚህ ሴት በዚያ፣ ሻንጣ ይከፈታል፣ ጓዝ ይበረበራል። ማዘዣ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ ተሳፋሪው ሁሉ የሚቆጣው እሱን ነው፤ አስረፈደን ብሎ። ካልደበቅክ ምን አስጨነቀህ ይባላል። አባቴም ይሄንኑ ይል ነበር፣ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ በሱ ዕድሜ ፖሊስን አይሆንም ያለ ሰው መጨረሻውን ስላየ ነው።

ሕጋችን ግን እንደዛ አይልም። በኛ አቆጣጠር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 መኖሪያ ቤታችንን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ሰውነታችንንና ንብረታችንንም ነው። መኪና ንብረት ነው። በኛ አቆጣጠር የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 ደግሞ ያለ ማዘዣ መበርበር የሚቻልባቸውን ሁኔታዎች ለይቶ አስቀምጧል፦ የተያዘው ሰው ማስረጃ በላዩ እንዳለ በሚገባ ሲጠረጠር፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃው አንድ ቦታ መደበቁ ተጠቁሞ ማዘዣ እስኪወጣ ይሸሻል ተብሎ ሲታመን። ፈተና ላይ ጠይቄያችኋለሁ፣ ታስታውሳላችሁ። የማይናገረው ነገር ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ይሄን ጥሶ የተገኘው ዕቃ ምን ይሁን? በማስገደድ ስለተገኘ የእምነት ቃል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ቁርጥ ያለ መልስ አለው፦ ተቀባይነት የለውም። ስለ ዕቃው ግን የሥነ ሥርዓት ሕጉ ዝም ነው። የሚገርመው፣ ያ ሕጋችን በወጣበት በዚያው በ1961፣ እዚህ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሕገ ወጥ ፍተሻ የተገኘ ነገር በየትኛውም ግዛት ፍርድ ቤት ማስረጃ አይሆንም ብሎ ወስኗል። ጉዳዩም የመጣው ከኦሃዮ ነበር፤ ቦምብ ያፈነዳ ሰው ፍለጋ ብለው ቤት ሰብረው ገብተው የብልግና መጻሕፍት ያገኙባት ሴት ጉዳይ።

ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል የምለው ለዚህ ነው። አንቀጽ 32ን የጣሰ ፖሊስ ያገኘው ነገር ያው ማስረጃ ከሆነ፣ አንቀጹን የሚያከብርበት ምክንያት የራሱ ጨዋነት ብቻ ነው። ጨዋ ፖሊሶች አውቃለሁ፣ አስተምሬአለሁም። ግን ሕግ የሚጻፈው ለነሱ አይደለም።

አገር ቤት ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙ ናችሁ። ስም ሳትጠቅሱ፣ የመዝገብ ቁጥር ሳትሰጡ ንገሩኝ፦ በአንቀጽ 525 የዕፅ ክስ ላይ ተከሳሹ ፍተሻው ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ሲከራከር ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን ብላችሁ ወሰናችሁ? ይግባኝስ ላይ ምን ሆነ? ኮሜንት ላይ የማይመቻችሁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ደዋዩ ተማሪዬም እያነበበ ነው፤ በርበሬውን ሰብስቦ መልሶ አስሮታል፣ ሚጥሚጣው ግን አልተረፈም።